ፊልሙ ውስጥ የሌለችው ሴት

«እሷ ናት እልሻለሁ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት እንኳ አልቀረም።»

ኦካይሌ ጣራ በሌለው የግቢው መታጠቢያ ውስጥ ፊቷን ሳሙና ተቀብታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ቆማ ነበር። ድምፁ የአዶሌ ነው። አዶሌ ከግንቡ ማዶ ልብስ እያጠበች ለአዲሷ ተከራይ ታወራለች። «ከአፏ እባብ ይወጣል፣ ክንዴን የሚያህል! ዓይኗ ደግሞ እንደ መኪና መብራት ይበራል። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስሄድ ነው ያየኋት፤ መገንጠያው ላይ፣ የላርቢ ቪዲዮ ቤት ሰሌዳ ላይ ተሰቅላለች። የገዛ ወንድሟ ነው የሣላት።» ተከራይዋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ታዲያ ልጆቼን የእሷን ኬንኬ ላብላቸው?» አለች። አዶሌ ልብሱን አጠመዘዘች። ከሚጨመቀው ልብስ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «እኔማ ጎረቤቴ ናት፣ ምን ልበልሽ። ግን ሠዓሊ ዝም ብሎ አይሥልም። አብሯት ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።»

ኦካይሌ የቀረውን ውሃ በራሷ ላይ ደፋች። ሽርጧን አገልድማ ስትወጣ ሁለቱም ሴቶች እኩል «እንዴት አደርሽ እትዬ» አሏት፤ እሷም «ደህና፣ እናንተስ» ብላ አለፈች። ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ግድግዳውን አየች። ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ ቀለሙ ከሌላው ግድግዳ ፈካ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ፎቶግራፉ የነበረበት ቦታ ነው። አምና የእናታቸው ቀብር ላይ ከለቅሶ ለቅሶ የሚዞር ፎቶ አንሺ ያነሳት ነው፤ ቀይና ጥቁር የሐዘን ልብስ ለብሳ፣ ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘዋት፣ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ትጮኻለች። መስተዋቱ ተሰንጥቆ ስለነበር ወንድሟ ቦርቴ «አስቀይረዋለሁ» ብሎ ከወሰደው ሰነባብቷል። ይህንንም ቢሆን ለእሷ አልነገራትም፤ ለአዶሌ ነግሮ አዶሌ ናት የነገረቻት። ክፍሎቻቸው ፊት ለፊት ናቸው፤ እናታቸው ነች ግቢውን ለሁለቱ ትታ የሄደችው። ከቀብሩ ጀምሮ ግን «አዶሌ፣ ለዚያ ሰውዬ ውሃ መጥቷል በይልኝ»፣ «አዶሌ፣ ለእህቴ የበሩ ማጠፊያ ተጠግኗል በያት» እየተባባሉ ነው የኖሩት። ጠዋት ጠዋት ኦካይሌ ሁለት ኬንኬና አንድ የተጠበሰ ዓሣ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ማታ ሳህኑ ታጥቦ መስኮቷ ላይ ይገኛል። የሚያያቸው ሰው ተጣልተዋል ይላል። ጠብ ግን ቃል ይኖረዋል። እነሱ ጋ የነበረው ዝምታ ብቻ ነው፤ የጀመረውም ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ቦርቴ የእናቱ ሬሳ ሣጥን አጠገብ እንደ እንግዳ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑ ደርቆ የቆመ ቀን ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ በባህሉ ባሕሩ ያርፋል፤ በባሕር ዳሯ መንደር በቴሺ ማንም ታንኳ አይገፋም። ዓሣ አጥማጆቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ፤ ጠግነው ሲጨርሱ ይርባቸዋል፤ ከበሉ በኋላ ከሰዓቱን የላርቢ ቪዲዮ ቤት ይገባሉ። ስለዚህ ማክሰኞ የኦካይሌ ገበያ ነው። ከሌላው ቀን እጥፍ ታቦካለች፣ እጥፍ ትቀቅላለች። ዛሬም ትልቁ ብረት ድስት እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከቦካ የበቆሎ ሊጥ ተሠርቶ በደረቅ የበቆሎ ሽፋን የተጠቀለለው ኬንኬ እንፋሎቱን እያወጣ፣ ከጎኑ ዓሣው በሳፋ፣ የተፈጨው ቃሪያ በሸክላ ተደርድሮ ጠበቀች። የአንዱ ዋጋ ሃምሳ ሲዲ ነው፣ ከዓሣ ጋር መቶ ሃያ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሳንቲሟን ጨብጣ ስትመጣ እናቷ ከመንገዱ ማዶ በስሟ ጠራቻት፤ ልጅቷ ቆመች፣ ኦካይሌን አየች፣ ዞራ ሮጠች። የታንኳዎቹ ሰዎች በቡድን መጥተው፣ አጠገቧ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቦዩ ማዶ ወዳለችው ኬንኬ ሻጭ ተሻገሩ። የዚያችኛዋ ኬንኬ ሁሌም ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ዛሬ ግን ተሰለፉላት። ኬንኬ የምትሸጥ ሴት የምትሸጠው እጇን ነው። ሊጡ ቀናት ያድራል፣ በእጅ ይታሻል፣ በእጅ ይጠቀለላል፤ ሰው የሚገዛው የሚያምነውን እጅ ነው። ኦካይሌ ይህን ሃያ ስምንት ዓመት ስታውቀው ኖራለች፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም።

መረብ ጠጋኙ ሶዋ ብቻ ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ። ሶዋ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሳይቀልድ አይወጣም።

«እትዬ ኦካይሌ፣ ሁለት ስጪኝ። እባቡን ግን ለብቻው ጠቅልዪልኝ፤ ለአማቴ የምወስደው ነው።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው ግን እጁን ይዞ ጎተተው። ሶዋ ወደ ኋላ እየተጎተተ «እኔ እኮ አልፈራም! ሚስቴ ናት የምትፈራው!» አለ፤ ሳይገዛም ሄደ። ኦካይሌ ድስቱን ከደነችው፣ ሳፋውን በጨርቅ ሸፈነችው፣ ተነሣችም። ሌላ ቀን ቢሆን ዕቃዋን የሚጠብቅላት ሰው ትፈልግ ነበር። ዛሬ አላስፈለጋትም፤ ማንም አይነካውም።

መገንጠያው ላይ ከሰሌዳው ፊት ሰው ቆሟል። ሁለት የዱቄት ጆንያ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ጎን ለጎን ተሰፍቶ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚስማር ተወጥሯል። ከሰማዩ ቀይ ቀለም ሥር የዱቄት ፋብሪካው ጽሕፈት ደብዝዞ ይታያል። ከላይ፣ እያንዳንዱ ፊደል ደም እያንጠባጠበ፣ «የእባቧ እናት፤ ክፍል ሁለት» ይላል። ከታች በትንንሹ «ልበ ደካማ አይግባ። እርጉዝ ሴት አትግባ። ነርስ በር ላይ ትገኛለች።» በመካከል ያለችው እሷ ናት። ለመቆጣት ነበር የመጣችው፤ በመንገዱም ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። ግን ዓይኗ ከሥዕሉ ላይ አልነሣ አላት። እባቡ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተሥሎ፣ እያንዳንዱ ቅርፊት ላይ ትንሽ ብርሃን አርፎበት፣ ከአፏ ወጥቶ ክንዷን ይጠመጠማል፤ ክንዷ ላይ ብረት ድስቱ ያቃጠላት ጠባሳ በቦታው አለ። የሐዘን ልብሷ ጥለት አንድ መስመር እንኳ አልተሳሳተም። ከኋላዋ የቴሺ ባሕር ዳር አለ፤ ዐፅሞች በሰልፍ ቆመው መረብ ይጎትታሉ፣ መረቡ ውስጥ ሙሉ ልብስና ክራባት ያደረገ ሰውዬ ተይዟል። ከጎኗ የቆሙ ሁለት ጎረምሶች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ።

«ይቺ ሴትዮ ከጮኸች ቴማ ከተማ ድረስ ይሰማል» አለ አንዱ።

«ዝም በል፤ ብትጠራህ ራስህ ትሄዳለህ» አለው ሌላው።

አጠገባቸው ያለችውን አላወቋትም። የሰሌዳዋ ሴት ግዙፍ ናት፤ ኦካይሌ ደግሞ ከመካከለኛ ሰው ትከሻ አትደርስም። አዶሌ ግን በየቀኑ ስለምታያት አውቃታለች፤ ደንበኞቿም እንደዚያው። ኦካይሌ ጥቂት ቆየች። በሕይወቷ ማንም ሰው ይህን ያህል ትልቅ አድርጎ አስቧት እንደማያውቅ ታሰባት፤ ወዲያው በሐሳቡ አፈረችና ከሰሌዳው ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጠለያ ሄደች።

ቦርቴ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሌላ ጆንያ ላይ ይሥላል፤ ጭንቅላቱ ላይ መጥረቢያ የተሰካበት ወታደር ነው። ከፊቱ የካሴት ሽፋን በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል፤ ሽፋኑ ላይ ወታደርም መጥረቢያም የለም፤ አንዲት ሴት ብቻ በስልክ ታወራለች። ጥላዋ ጆንያው ላይ ሲያርፍ ቀና አለ፤ ከዚያ ዓይኑ እንደ ልማዱ አዶሌን ፈለገ። አዶሌ አልነበረችም።

«ቦርቴ» አለች። ስሙን ከጠራችው ዓመት ሆኗል። «ፊልሙን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እባቡን ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

«ላርቢ ‹አስፈሪ ሴት አለችበት› አለኝ። እባቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ።» ብሩሹን ቤንዚን ውስጥ አጠበ። «እባብ መቼም አይከስርም።»

«እኔንስ?»

ብሩሹን ለረጅም ጊዜ አጠበ። «አስፈሪ አፍ ከራሴ አይመጣልኝም። ሦስቴ ሣልኩ፤ ሦስቴም የሚያዛጋ ሰው መሰለ።» ለብሩሹ ነበር የሚያወራው። «የእናታችን ቀብር ቀን... ለእኔ ለቅሶው አልመጣልኝም። ሁሉም አንቺ ጋ ነበር።»

ኦካይሌ ይህን አልጠበቀችም። ከቀብሩ ጀምሮ በውስጧ ስታመላልሰው የኖረችው ነገር ስለነበር፣ አሁን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ስለዚህ ወደ መጣችበት ተመለሰች። «ሰው ኬንኬዬን አይገዛም፣ ቦርቴ። ጠንቋይ ናት እያሉ ነው። ማክሰኞ ነው፣ ድስቴ ግን ሙሉ ነው። አውርደው።»

ቦርቴ ብሩሹን አስቀመጠ። «ሰው ያውቅሻል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «እምልልሻለሁ። እንደዚያ አድርጌ የማይሽ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።» ቀጥሎም «ከተሰቀለ ወዲያ የእኔ አይደለም፤ የላርቢ ነው» አለ። ሊነሣ ቃጣው። እሷ ግን ሄዳለች።

ላርቢ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁንም ሲያወራ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል። ቪዲዮ ቤቱ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት በሳጥን ላይ የቆመ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ ግቢ የሚያጓራ ጄኔሬተር። «ነርሷ» ሚስቱ ናት፤ በር ላይ ተቀምጣ በፌስታል የታሰረ የበረዶ ውሃ ትሸጣለች። ኦካይሌን ሲያያት ላርቢ ገና ሳትናገር እጁን ዘረጋ።

«እናቴ እትዬ ኦካይሌ! ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላወቅኩም! ቦርቴ ሣለ፣ እኔ ሰቀልኩ። ከፈለግሽ ጢም ላስጨምርልሽ፤ ጢም ቢኖርሽ ማን ያውቅሻል?»

«እኔ ፊልሙ ውስጥ አለሁ?»

«አንቺ? የለሽም።»

«እባቡስ?»

«እባብም የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እናቴ። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጣላሉ። ሶፋ ይሣል? ማን ነው ሁለት መቶ ሲዲ ከፍሎ ሶፋ ሊያይ የሚገባው? ሶፋ እቤቱም አለ።»

«ክፍል አንዱስ የታለ?»

«እሱም የለም። ግን ክፍል ሁለት ካልሽው ሰው የመጀመሪያው ያመለጠው ይመስለዋል፤ ይሄ ደግሞ እንዳያመልጠው ይሮጣል።» ይህን ሲናገር በኩራት ነበር፤ ኦካይሌም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። «እንግዲያው» አለች፣ «በሰው ፊት ቁምና ‹እሷ ፊልሙ ውስጥ የለችም፣ እባብም የላትም› በላቸው።» ላርቢ የያዘው የማይታይ መሪ ከእጁ ወደቀ። «የለችም ካልኩማ ገንዘባችንን መልስ ይሉኛል!» ኦካይሌ ከመቀነቷ ሁለት መቶ ሲዲ ፈታች። እኔ ገብቼ ከመካከላቸው ከተቀመጥኩ በገዛ ዓይናቸው ያያሉ፣ ብላ ነበር ያሰበችው። ላርቢ ገንዘቡን አልቀበልም ቢላትም የ«ነርሷ» ጭን ላይ አስቀምጣው ገባች።

ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። አዳራሹ ጨለማና ወበቅ ነበር፣ የላብና የዓሣ ሽታ፣ የቆርቆሮው ጣራ በፀሐዩ ይንጣጣል። የኋላ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ አግዳሚው ተንቀሳቀሰ፤ ሰው እየተጠጋጋ ለእሷ ሰፊ ቦታ ለቀቀላት፣ ከሚያስፈልጋት በላይ። ፊልሙ ጀመረ። ላርቢ እንዳለው ሶፋ ነበር፤ ገና አዲስ ስለሆነ ላስቲኩ አልተነሣለትም፤ ባልና ሚስቱ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ላስቲኩ ከንግግራቸው በላይ ይንኮሻኮሻል። ስለ ባልዬው ሟች እናት ይጣላሉ። እኩለ ሌሊት ነው ይላሉ፣ ዶሮ ግን ይጮኻል፣ ከውጭ የሰማይ ብርሃን በመጋረጃው ያልፋል። ግድግዳው ላይ ፊልሙን የሚቀርጹት ሰዎች የያዙት የአንድ ረጅም በትር ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ተመልካቹ ለጥላው ስም አውጥቶለታል፣ በታየ ቁጥር «አቶ ቀጭኑ መጣ!» እያለ ያጨበጭባል። የሟቿ መንፈስ ተብሎ የወጣው ፊቱን ዱቄት የተለቀለቀ ከሲታ ወጣት ነው፤ እጁ ላይ የእጅ ሰዓት ያብለጨልጫል። «መንፈስ ሆይ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሶዋ ከፊት ጮኸ። ደሙ የቆርቆሮ ቲማቲም መሆኑን ኦካይሌ ከአወራረዱ ለየችው፤ ዘይት በዝቶበታል።

ከዚያ በሩ መጣ። ኮሪደር፣ አንድ አምፖል፣ በኮሪደሩ ጫፍ የተዘጋ በር። ሙዚቃ የለም፤ ለሙዚቃ የሚሆን ገንዘብ አልተረፋቸው ይሆናል። በሩ መከፈት ጀመረ፣ በጣም በዝግታ፣ አንድ ሰው ከኋላው ትንፋሹን ውጦ በጣቱ እንደሚገፋው። አዳራሹ ፀጥ አለ። ጄኔሬተሩ እንኳ የራቀ መሰለ። የትም ቤት ያለ፣ ተራ፣ ቀለሙ የተላላጠ በር ነው፤ ግን ወዲያ ያለው ጨለማ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሲመጣ ኦካይሌ የእናቷን ክፍል በር አሰበች፤ ከቀብሩ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ማንም ያልነካውን። ከጎኗ የነበረው ሰውዬ፣ ውቅያኖሱን በታንኳ የሚጋልብ፣ ደረቱ እንደ በርሜል የሰፋ፣ የማን እንደሆነ ሳያይ እጇን ለቀም አደረገ። በሩ ተከፍቶ አለቀ። ከኋላው ምንም አልነበረም። ሰው ሁሉ በረጅሙ ሊተነፍስ ሲል ባለ ሰዓቱ መንፈስ ከጎን ዘለለ፣ አዳራሹም ጮኸ፣ ኦካይሌም ጮኸች፣ ከዚያ ሁሉም በራሱ ፍርሃት ሳቀ። ሰውዬው እጁን አየ፣ የያዘውን እጅ አየ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እጇን ለቀቀ፤ ከተቀመጠበት ግን አልራቀም። ኦካይሌ ፊልሙን ስለ ሠሩት ሰዎች አሰበች። ምንም አልነበራቸውም፤ የተበደሩት ሶፋ፣ ዱቄት፣ ቲማቲም። ግን አንድ በር ነበራቸው፤ በሩን እንዴት ቀስ አድርገው እንደሚከፍቱትም ያውቁ ነበር።

ፊልሙ «ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን» በሚል ጽሑፍ አለቀ። ወዲያው ከፊት ረድፍ «ላርቢ፣ እባቡስ?» የሚል ድምፅ ተነሣ። «ሴትዮዋስ? ሁለት መቶ የከፈልነው ለሴትዮዋ ነው!» አግዳሚዎቹ በመዳፍ ይደበደቡ ጀመር። ላርቢ መሪውን ይዞ ብቅ አለ። «ክፍል ሦስት ላይ ትመጣለች! በቅርብ ቀን!»

«ክፍል ሦስት ላይ ያንተ ተዝካር ነው የሚመጣው!» አሉት፣ እየተሳሳቁም እየተቆጡም ወጡ። ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። አንዱ «ሰሌዳውን አውርዱት! ጆንያውን ቅደዱት!» አለ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ኦካይሌ በግፊያው መካከል ተገፍታ ከሰሌዳው ሥር ደረሰች። ቦርቴ ከመጠለያው ወጥቶ፣ ብሩሹን እንደያዘ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ፊቱ ላይ ግን አሁን አንድ ነገር አየች፤ ወይም ያን ጊዜም ነበረ፣ እሷ ናት ያላየችው። ኦካይሌ ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የለመነችው ነገር በሌላ ሰው እጅ ሊሆንላት ነው። ዝም ብላ ብትቆም በቂ ነው። አንድ ጎረምሳ ዘልሎ የታችኛውን ጫፍ ያዘ፤ ሚስማሩ ተነቅሎ ጆንያው ከሐዘን ልብሷ ጥለት ላይ ታጠፈ።

«ተው!» አለች። አልሰማትም። ያን ጊዜ አፏ ተከፈተ፤ አምና ከተከፈተ ወዲህ እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም፤ «ተው!» የሚለው ቃል ከሆዷ ወጥቶ መገንጠያውን ሞላው። የታክሲ ሹፌር ፍሬን ያዘ። ጎረምሳው ጆንያውን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ሰሌዳውን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች፣ አሁን በትንሹ ድምፅዋ። «ወንድሜ ነው የሣለኝ። አትንኩት።»

ከመካከላቸው ሶዋ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረ። «ሰማችሁ? ፊልሙ ነው እንጂ የዋሸው ሥዕሉ አልዋሸም! ሴትዮዋ መጥታለች፣ ያውም በእግሯ!» ሳቁ እንደ ማዕበል መጣ። «እትዬ፣ በይ አፍሽን ክፈቺ! እባቡን ሳናይ አንሄድም!» ኦካይሌ ቀልደኛ አይደለችም። በጠዋቱ ቢሆን መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ግን አገጯን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች፣ ሰፊ አድርጋ፣ እንደ ሰሌዳዋ ሴት፤ ዓሣ አጥማጆቹም በሩን ሲያዩ እንደነበረው አንገታቸውን እያሰገጉ አዩ። ከሁሉም የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ የታንኳ አዛዥ እጁን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጊዜ ወስዶ ተመለከተ።

«ምንም የለም» ብሎ ፈረደ። «ጥርስና ምላስ ነው። ሽታው የኬንኬ ነው።» ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «ትኩስ ነው እንዴ?»

«ጠዋት ትኩስ ነበር፣ አባባ። ያቀዘቀዛችሁት እናንተ ናችሁ።»

እንደ ሠርገኛ ተከትለዋት ሄዱ። ከኋላቸው ላርቢ አልፎ ሂያጁን «ክፍል ሁለት! ሴትዮዋ ከመንገዱ ማዶ በአካል ትገኛለች!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ድስቱ ከሥር ትንሽ ሙቀት ይዞ ነበር። እጇን የያዘው ሰውዬ አራት ገዛ፤ ሶዋ ሁለት ገዝቶ ፊት ለፊቷ ቆሞ እየበላ ለሚመጣው ሁሉ «ገና አልሞትኩም፣ ጠብቁኝ» ይላል። መጨረሻ ላይ አዶሌ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። «ለተከራይዋ ልጆች ነው» አለች፣ ዓሣውን እያየች። ኦካይሌ ትልልቁን መርጣ ሰጠቻት።

ፀሐይ ስትጠልቅ የቀረውን ሁለት ኬንኬ ሳህን ላይ አድርጋ ግቢውን ተሻገረች። ከመስኮቱ ላይ አላስቀመጠችውም። ቦርቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጎኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር አለ። አዲሱ መስተዋት በጋዜጣው ቅዳጅ ያበራል። ኦካይሌ ሳህኑን መካከላቸው አድርጋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አዶሌ ከጓዳዋ ብቅ ብላ፣ የምታደርሰው መልእክት እንደሌለ አይታ ተመለሰች።

«ጥርሴን አሰፋኸው» አለች ኦካይሌ።

«ከሩቅ እንዲታይ ነው።»

ቦርቴ ሽፋኑን ላጠና አንድ ጉርሻ ቆረሰ። ከመገንጠያው የጄኔሬተሩ ድምፅ ይመጣል፤ የማታው ትርዒት ተጀምሯል። ከሰሌዳው ሥር የተነቀለውን ሚስማር እሱ ራሱ መትቶ መልሶታል፤ ሲመታ አይታዋለች። ብዙ ቆይተው፣ ከቪዲዮ ቤቱ የአንድ አዳራሽ ሰው ጩኸት በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በጣራዎቹ ላይ አለፈ።

«አሁን በሩ ተከፈተ» አለች።

«የቱ በር?»

«ፊልሙ ውስጥ ያለው። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው።»

የቦርቴ እጅ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ፊልሞቹን አይቷቸው አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ደጁን ብቻ ነው። «ከበሩ ኋላ ምን አለ?» አለ።

ኦካይሌ ከሲታውን ወጣት አሰበች፣ ዱቄቱን፣ የእጅ ሰዓቱን። ወንድሟ ሙሉ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይጠብቃል።

«እባብ» አለች። «ክንዴን የሚያህል።»